ስም ሳይረሱ የሚጀምር የመርሳት በሽታ



የመርሳት በሽታ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የልጃቸው ስም የጠፋባቸው፣ የቤታቸውን መንገድ የሳቱ ሽማግሌ ናቸው። በእኛ ቤት ግን በሽታው እንደዚያ አልጀመረም። አባታችን የማንንም ስም አልረሱም። ማን ስንት ብር ዱቤ እንዳለበት መዝገብ ሳያዩ ይናገሩ ነበር። የጠፋባቸው ሌላ ነገር ነው፤ የሰውን ፊት አይቶ የልቡን መረዳት።

አባታችን ደሴ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። የሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የከፋውን ከፊቱ ያውቁት ነበር። 58 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ግን ጸባያቸው መለወጥ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ስለ ጨርቅ ዋጋ ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ይስቃሉ። እናታችን እህቷ ሞታ ስታለቅስ አጠገቧ ቆመው "ምሳ አልደረሰም?" አሉ። ሻያቸው ላይ የሚጨምሩት ስኳር ከሁለት ማንኪያ ወደ ስድስት ደረሰ። ለማያውቁት ሰው ጨርቅ በዱቤ ይሰጣሉ፤ ሰውየው እያታለላቸው መሆኑን ከአነጋገሩ አይለዩም።

ዘመድ አዝማዱ የየራሱን ትርጉም ሰጠው። "ገንዘብ አኮራቸው" ያለ አለ። "ዓይን ነው፣ ሲሕር ነው" ያለም አለ። ከሁሉም የከበደው የእናታችን ነበር። ለ34 ዓመት አብራቸው ኖራ "ጠልተውኛል" ብላ ወደ ወንድሟ ቤት ለመሄድ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር። እኛ ልጆች ትንሽ እንድትታገስ ለምነናት አባታችንን ወደ ሐኪም ወሰድናቸው።

የመጀመሪያው ሐኪም ቀኑን፣ ወሩን፣ ያሉበትን ከተማ ጠየቃቸው። ሁሉንም በትክክል መለሱ። "ደህና ናቸው" ተባልን። አዲስ አበባ ሄደን ያገኘነው የነርቭ ሐኪም ግን እናታችንን ለብቻዋ አስቀምጦ "ድሮ እንዴት ነበሩ? ለውጡ መቼ ጀመረ?" እያለ ረጅም ሰዓት ጠየቃት። ለአባታችን ደግሞ የሳቀ፣ የተቆጣ፣ ያዘነ፣ የፈራ ሰው ፎቶ አሳያቸው። ሳቁን ለዩት። የሐዘኑና የፍርሃቱ ፊት ግን ተምታታባቸው። ከዚያ የደም ምርመራና የአንጎል ኤምአርአይ ተከተለ።

የበሽታው ስም ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል። ከግንባራችን ጀርባና በጆሯችን በኩል ያሉት የአንጎል ክፍሎች ቀስ በቀስ ሲጎዱ የሚመጣ ነው። እነዚህ ክፍሎች የሰውን ስሜት እንድንረዳ፣ ነውርን እንድንለይ፣ ራሳችንን እንድንገታ የሚያደርጉን ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የማስታወስ ችሎታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙም ላይነካ ይችላል። የፊልም ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ በዚሁ በሽታ መያዙን ቤተሰቡ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ነበር።

በሌላው የመርሳት በሽታ በአልዛይመርም ቢሆን የጸባይ ለውጥ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ዶክተር አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ የመረመራት አውጉስተ ዴተር የ51 ዓመት ሴት ነበረች። መጀመሪያ የታየባት ለውጥ በባሏ ላይ ያደረባት ቅናት ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያም የሰውን ስሜትና ሁኔታ መረዳት ከማስታወስና ከቋንቋ ጋር ከሚመረመሩት ስድስት ዘርፎች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል።

እናታችን ሐኪሙ ያለውን ስትሰማ አለቀሰች። ቀጥላም "እንግዲያው አልጠሉኝም" አለች። ቤት ስንመለስ ሻንጣዋን ፈታች።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ማለት ቁጡ ሽማግሌ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። ዋናው ጥያቄ "ድሮም እንዲህ ነበሩ ወይ?" የሚለው ነው። ዕድሜ ልኩን ቁጡ የነበረ ሰው ጸባዩ ነው። ርኅሩኅ የነበረ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሰው ሐዘን ግድ የማይሰጠው ከሆነ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ድብርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የጆሮ መድከም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ለውጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ታክመው የሚድኑ ስላሉ ቶሎ መሄድ ይጠቅማል። ስትሄዱ ያያችሁትን ለውጥ ከነጊዜው ጽፋችሁ ያዙ፤ ታማሚው ራሱ ለውጡን ብዙ ጊዜ አያየውምና። ዱዓውም ሩቅያውም ይደረግ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድን ግን አያስቀርም።

የአባታችንን በሽታ የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ኑሯችንን ግን አስተካክለናል። የሱቁን ገንዘብ ታላቅ ወንድማችን ይዟል። ስኳሩን ከዓይናቸው አርቀናል። ጎረቤቱና የመስጂዱ ጀማዓ ሕመማቸውን ስለሚያውቅ ያልሆነ ቃል ሲያመልጣቸው የሚቀየም የለም። እኛም አንከራከራቸውም።

በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 23 ወላጆቻችን ሲያረጁ እንዴት ልናናግራቸው እንደሚገባ ታዘናል። ይህን ትእዛዝ ወላጅ ደግና አመስጋኝ ሆኖ ሳለ መፈጸም ቀላል ነው። የሚከብደው የሚያስቀይም ቃል እየሰማን ስንታዘዝ ነው። ያ ቃል ከበሽታ የመጣ መሆኑን ማወቅ ግን ያግዛል፤ እኛን አግዞናል።

አላህ ለታመሙ እናቶቻችንና አባቶቻችን ዓፊያውን፣ ለሚንከባከቧቸው ሁሉ ሶብሩን ይስጥልን። አሚን።