የማይታየው ተሸካሚ፤ ስለ ሞተር መቀመጫ ጐማ

ሰው ቤትን ሲያደንቅ ጣራውንና ግድግዳውን ያያል እንጂ መሠረቱን ቈፍሮ የሚመለከት የለም። ዛፍንም ሲያመሰግን ስለ ፍሬውና ስለ ጥላው ይናገራል እንጂ ሥሩን አያነሣም። በአውቶሞቢልም ነገር እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ስለ ሞተሩ ጕልበት፥ ስለ ቀለሙ፥ ስለ ወንበሩ ልስላሴ ሲያወራ ይውላል፤ ያ ሁሉ ጕልበት ስለ ተቀመጠበት ጥቂት ጐማ ግን አንድ ቃል አይናገርም። ጐማው የሚታወሰው በተበጠሰ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ ጥቂት መናገር ከንቱ አይሆንም፤ በትንሽ ነገር ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ የሰውን ጠባይ ይገልጣልና።

በአዲስ አበባ ላዳ የሚባለው ትንሽ አውቶሞቢል ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ለብዙ ዓመት በታክሲነት ማገልገሉን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። የዚህ አውቶሞቢል ትውልዱ ከኢጣልያ ነው። የሶቪየት ኅብረት መንግሥት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ከፊያት ኩባንያ ጋራ ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ አቆመ፤ በ1970 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ወጡ። መልካቸው የፊያት 124 ነበረ፤ ነገር ግን ለክፉ መንገድና ለብርድ እንዲስማሙ ብዙ ነገር ተለወጠባቸው፤ ሞተሩም ሌላ ሆነ። የፊተኛው ሞተር መጠኑ 1,198 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነበረ፤ በ1976 ዓ.ም. የወጣው 2106 የተባለው ዐይነት ግን 1,569 ሴንቲ ሜትር ኩብ ደረሰ።

አንድ የታክሲ ባለቤት ነበረ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ የሚተዳደሩት በአንዲት ላዳ ነው። የላዳዋ ሞተር ግን ከማርጀቱ የተነሣ ዘይት መብላት ጀመረ፤ አቀበት ሲወጣ ጭሱ የኋላውን መንገድ ይሸፍነው ነበር። ሰውየው ዕቍቡ በደረሰው ጊዜ ገንዘቡን ለሌላ ጕዳይ ሳያውል አንድ ያገለገለ የ2106 ሞተር ገዛ፤ በቀረውም ገንዘብ የእጅ ዋጋ ሊከፍል ዐስቦ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወዳለበት ጋራዥ ሄደ። ሥራውም ቀላል መሰለው። በእውነትም ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። በአዲሱ ውስጥ የሲሊንደሩ ስፋት ከ76 ወደ 79 ሚሊ ሜትር፥ ፒስቶኑም የሚመላለስበት ርቀት ከ66 ወደ 80 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ከዚህም የተነሣ የሞተሩ አካል በ8.8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መቀመጫው የሚታሰርበት ጐኑ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ባለቤቱ አንዱን አውጥቶ ሌላውን በዚያው ቦታ ማስቀመጥ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ ገመተው።

አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተነሥቶ በወጣ ጊዜ ሽማግሌው ጐንበስ ብሎ ሁለቱን መቀመጫዎች በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። በቀኝ በኩል ያለው ተጨፍልቆ ቁመቱ አጥሯል። በግራ በኩል ያለው ደግሞ ለብዙ ጊዜ የተንጠባጠበበት ዘይት አልፈስፍሶት ከተጣበቀበት ብረት ተላቋል። ሽማግሌውም እነዚህ ካልተለወጡ አዲሱን ሞተር እንደማያስቀምጥ ተናገረ።

ባለቤቱ ተቈጣ። «ጋሼ፥ ጐማ ያው ጐማ ነው። እስከ ዛሬ የያዘ ነገ አይይዝም?» አለው።

«ልጄ፥ እስከ ዛሬ የያዘው ደካማውን ነው፤ ነገ የሚጫንበት ብርቱው ነው» ብሎ መለሰለት።

ሰው ኪሱ ባዶ በሆነ ጊዜ ልቡ ለጥርጥር ይከፈታል። ባለቤቱም ሽማግሌው ከመለዋወጫ ነጋዴ ጋራ ተማክሮ ትርፍ የሚካፈል መሰለው፤ ባይናገረውም ፊቱ ተናገረበት። ሽማግሌው ይህን አይቶ ዝም አለ። በአሮጌው ጐማ ላይ ሞተሩን አስሮ የእጅ ዋጋውን በዚያው ቀን ለመቀበል የሚከለክለው አልነበረም። ሞተሩ ከገባ በኋላ መቀመጫውን ዝቅ ብሎ የሚመረምር ማን ነው?

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ጐማው የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኵሳል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እንግዲህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ምት በቀጥታ ወደ አካሉ ቢተላለፍ በሩ ይንኰሻኰሻል፥ ብሎኑ ይላላል፥ የተሳፋሪውም ራስ ይታመማል። ጐማው ይህን ምት በራሱ ውስጥ ይውጠዋል። ዳሩ ግን ሁለተኛ ሥራ አለው፤ እርሱም ሞተሩን አጥብቆ መያዝ ነው። ሞተሩ መንኰራኵሮቹን ወደ አንድ ወገን ሊያዞር ሲገፋ እርሱ ራሱ ወደ ሌላው ወገን ሊገለበጥ ይታገላል፤ ካምቢዮው በመጀመሪያ ማርሽ ላይ ሲሆንም ይህ ትግል ከ3 እጥፍ በላይ ይበዛል። በእንዲህ ያለው አውቶሞቢል ግራው ጐማ ወደ ላይ ሲሳብ ቀኙ ወደ ታች ይጨቈናል። ስለዚህ ጐማው እንዲለሰልስም እንዲጠነክርም በአንድነት ይታዘዛል። እጅግ ከለሰለሰ ሞተሩን አይዝም፤ እጅግ ከጠነከረ ምቱን ያሳልፋል። ሁለቱንም አስማምቶ መያዝ ነው ጥበቡ።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን አልተገኘም። በቀድሞ ዘመን ብዙ ሞተር በሻንሲው ላይ በብሎን እንደ ተቸነከረ ነበረ። በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የክራይስለር ኩባንያ ፕሊመዝ በተባለው አውቶሞቢሉ ላይ ሞተሩን በሁለት የጐማ መቀመጫ ላይ አስቀመጠው፤ አንዱ ከፊት ከፍ ብሎ፥ ሁለተኛው ከኋላ ዝቅ ብሎ ተተከለ። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው መሥመር የሞተሩን የክብደት ማእከል ይነካ ስለ ነበረ ሞተሩ በመሥመሩ ላይ በቀስታ ይወዛወዛል እንጂ አካሉን አያናውጥም። ስሙንም «ተንሳፋፊ ኀይል» አሉት። የፈረንሳዩ ሲትሮኤን በ1932 ዓ.ም. ይህንኑ ወስዶ በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ የዳክዬ ዘመድ የሆነች ነጭ ወፍ ምልክት አደረገለት።

ጐማ ሲበጠስ የሚመጣውን ደግሞ ዓለም በ1971 ዓ.ም. አይቶታል። በዚያ ዓመት የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ከ1965 እስከ 1969 ዓ.ም. ከተሠሩት የሸቭሮሌት አውቶሞቢሎች 6.7 ሚሊዮን ያህሉን እንዲመለሱ ጠራ። ምክንያቱም የመቀመጫው ጐማ ከብረቱ በተላቀቀ ጊዜ ሞተሩ ተነሥቶ የነዳጅ መስጫውን እየሳበ ሊከፍተው ይችል ስለ ነበረ ነው። መድኀኒቱም ሞተሩ እንዳይነሣ የሚገታ የብረት ገመድ ማሰር ሆነ። እነሆ፥ በመዳፍ የሚያዝ አንድ ጐማ ስንቱን ሰው ለአደጋ አቀረበ!

ሽማግሌው ግን ይህን ሁሉ ታሪክ አልተረከም። ለባለቤቱ ግራውን መቀመጫ አንሥቶ በሁለት እጁ አጐበጠው፤ ጐማውም እንደ መጽሐፍ ተከፈተ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተትም ታየ። «ይህን አየህ? ፍሬን ስትረግጥ ሞተሩ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ማራገቢያውም ራዲያተሩን ይቀደዋል። ያን ቀን ለጐማ የሰሰትኸውን ለራዲያተር ትከፍላለህ፤ ሥራህም ይቆማል። ለእኔ የእጅ ዋጋ የምትሰጠውን ገንዘብ ለጐማው አድርገው፤ የእኔን ሠርተህ ትከፍለኛለህ» አለው።

ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ቆሞ ጐማውን አገላበጠው። ጥርጥሩ ሐሰት መሆኑን ያወቀው በክርክር አይደለም፤ ሽማግሌው የራሱን ዋጋ ወደ ኋላ በማድረጉ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሄደና ሦስት መቀመጫ ገዝቶ ተመለሰ፤ ሁለቱ የሞተሩ፥ ሦስተኛው ከኋላ ካምቢዮውን የሚይዘው ነው። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ቢሆን አዲሱ የሁለቱን ሸክም ስለሚሸከም ፈጥኖ ይሞታልና።

ከዚህ በኋላ ሥራው ተጀመረ፤ እርሱም ከችኰላ የራቀ ነበረ። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በቀስታ ወረደ። ከታችም ክሪክ ሲደገፍ የዘይቱ ሣህን ስስ ቆርቆሮ ነውና እንዳይጐደጕድ በመካከሉ ወፍራም ሳንቃ ገባ። ሽማግሌው ለረዳቱ ልጅ ያስተማረው የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ሁሉም ብሎንና ዳዶ በእጅ ሳይጀመር አንዱም በመፍቻ አይጠብቅ። ልጁ አንደኛው ቀዳዳ አልገጥም ስላለው የብረት ዘንግ አስገብቶ ሊፈለቅቀው ቃጣ፤ ሽማግሌው ግን እጁን ያዘው። «በግድ የገባ ጐማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጣምሞ ይኖራል» አለው። ከዚያም ፈልጎ ምክንያቱን አገኘ። አዲሱ ሞተር ረዥም ስለ ሆነ የጭስ ቱቦው ወደ ታች እየጐተተ ወደ አንድ ጐን አዘንብሎት ኖሯል። ቱቦው ከታሰረበት በተፈታ ጊዜ ሞተሩ በራሱ ክብደት ተቀመጠ፤ ብሎኑም ያለ ትግል ገባ። ሞተሩን ወዲህና ወዲያ ከነቀነቁ በኋላ በየተራ አጠበቁት፤ ቱቦውንም መጨረሻ ላይ በአዲሱ ልክ መልሰው አሰሩት። በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል፥ በአየር ማጣሪያውና በክዳኑ መካከል ያለውንም ክፍተት መረመሩ፤ ስለዚያች 8.8 ሚሊ ሜትር ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ልጁ ሞተሩን ሊያስነሣ ቍልፉን ሲፈልግ ሽማግሌው ከአሮጌው ሞተር ጋራ የተፈታውን ወፍራም የመሬት ሽቦ አሳየው። ጐማ ምትን እንደሚከለክል ኤሌክትሪክንም ይከለክላል። ይህ ሽቦ ሞተሩን ከአካሉ ጋራ ካላገናኘው የማስነሻው ብርቱ ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ቀጭን የመጐተቻ ገመድ ቢያገኝ በእርሱ አልፎ ያቃጥለዋል። ክፉውን ለመለየት የተሠራ ግድግዳ መልካሙንም ይለያልና፥ ለመልካሙ መተላለፊያ ማበጀት የጠቢብ ሥራ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ የማርሽ መምረጫው ዘንግ አልተንቀጠቀጠም። ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ የተነሣ መሆኑን ለማወቅ ጆሮውን አቀና፤ ዕዳውንም በሁለት ወር ውስጥ ከፍሎ ጨረሰ። ከእርሱ ጋራ የተሳፈሩት ሁሉ ግን ስለ ጐማው ምንም አላወቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። መልካም ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ባልደረሰው ጕዳት ነው፤ ያልደረሰውንም ጕዳት ቈጥሮ የሚያመሰግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ብርቱ ሰው ሲሾም ከሥሩ ማን እንደሚሸከመው መጠየቅ ይገባል። ኀይል በተጨመረ ጊዜ ሁሉ ተሸካሚው ካልታደሰ፥ ኀይሉ ራሱ አፍራሽ ይሆናል። ተሸካሚውም እንደ ድንጋይ የማይበገር፥ እንደ ጭቃም የሚሟሟ አይሁን፤ ጥቂት እየተበገረ ቦታውን የማይለቅ ይሁን እንጂ። በተቀመጠም ጊዜ በዘንግ ተፈልቅቆ ሳይሆን የሚጐትተው ነገር ተፈትቶለት በገዛ ክብደቱ ይቀመጥ። እንዲህ የተቀመጠ ብዙ ዘመን ያገለግላል።