ሳይሰሙ የተቀበሩት ነጋዴዎች



ብዙዎቻችን «ኤልደን ሪንግ» የተሰኘውን ጌም እናውቀዋለን። የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው፣ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የጥንት ታሪኩን የጻፈለት፣ በጨለማና በሐዘን የተሞላ የምናብ ዓለም ነው። በውስጡ ያሉት አማልክት ሰው የፈጠራቸው መሆናቸው ለማናችንም ግልጽ ነው። መጫወቱ እንዴት ይታያል የሚለውን ለዑለሞቻችን እንተወውና አንድ ነገር ብቻ እንመልከት።

በዚያ ዓለም የሚገዛው እምነት «ወርቃማው ሥርዓት» ይባላል። ሥርዓቱ ያልፈቀደው ሁሉ ርኩስ ነው። ቀንድ በጥንት ጊዜ የበረከት ምልክት ነበር፤ በኋላ ግን ቀንድ ይዞ የሚወለድ ሕፃን እንደ እርግማን ተቆጠረ። ቀንዱ ይቆረጣል፤ አብዛኞቹም በዚያው ይሞታሉ። ሕፃኑ ያው ሕፃን ነው፤ የተለወጠው የገዢዎቹ ፍርድ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን የሲራራ ነጋዴዎቹ ታሪክ ነው። ገና ጌሙ ሲጀመር እሳት ዳር የተቀመጠ ካሌ የሚባል ነጋዴ እናገኛለን። ዕቃ ገዝተነው እናልፋለን። ከብዙ ሰዓት በኋላ ከዋና ከተማዋ ሥር፣ ከፍሳሽ ቦዩም በታች ስንወርድ የወገኖቹ አስከሬን ተከምሮ እናያለን። «የተከለከለ እምነት አላቸው» ተብለው ተከሰሱ፤ ጎሳቸው በሙሉ ታፍሶ ከነሕይወቱ ተቀበረ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተስፋ ቆርጠው ረገሙ፤ እርግማናቸውም የእብደትን ነበልባል ጠራ። ልብ በሉ! ነበልባሉ የመጣው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ማን ጠየቃቸው? ማንስ ሰማቸው? ጌሙ አንድም ችሎት አያሳየንም።

እኛ ግን የተለየ ታሪክ የወረስን ነን። በመካ እምነታቸው እንደ ወንጀል የተቆጠረባቸው ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ላኩ። ክሱ «የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ትተው አዲስ ነገር አመጡ» የሚል ነበር። ንጉሥ ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አሳልፌ አልሰጥም አሉ። አስጠሯቸው፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆመው አስረዱ። ስደተኞቹ በሰላም ተቀመጡ፤ ስጦታውም ለላኪዎቹ ተመለሰ።

ታዲያ ዛሬ በስልካችን «እገሌ ጠሟል፣ እገሊት ከፍራለች» የሚል ስክሪንሾት ሲደርሰን የማንን መንገድ እንከተል? ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብላ ታዘናለች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድሙን ካፊር ያለ ሰው ቃሉ ከሁለቱ በአንዳቸው ላይ እንደሚያርፍ አስጠንቅቀዋል። ስሕተት ስሕተት አይባል ማለታችን አይደለም፤ ዲን ድንበር አለው። ድንበሩን የሚያሳዩን ግን ዓሊሞች ናቸው፤ እነሱም የሚናገሩት ሰምተውና ማስረጃ ይዘው ነው። ሼር የምትለዋን ከመንካታችን በፊት ሰውየውን ራሱን እንጠይቅ፤ ካልቻልን ደግሞ ዝም እንበል። ጌም ቢበላሽ እንደገና ይጀመራል፤ አንዴ የተቀበረ የሰው ስም ግን በቀላሉ አይነሳም።

አላህ ከመፍረዳችን በፊት የምንሰማ ያድርገን። አሚን!