ቴሌቪዥኑን ወይስ መሬቱን እንክሰስ?

ከዋሽንግተን ተነስቶ ባልቲሞርን ላለፈ ሰው፣ ሚድል ሪቨር በሚባል ሰፈር «ቤንጊስ» የተሰኘ፣ ተመልካቹ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚያይበት ሲኒማ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፍቶ ዛሬም ይሠራል፤ 37 ሜትር ገደማ የሚሰፋው ስክሪኑ በአሜሪካ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ ከ4,000 በላይ የደረሱት እንዲህ ያሉ ሲኒማዎች አሁን 300 ገደማ ቀርተዋል። ብዙ ሰው ለዚህ ተጠያቂ የሚያደርገው ቴሌቪዥንን ነው። እኔ ግን መሬቱን እከሳለሁ።

ሲኒማዎቹ እጅግ የበዙት በ1958 አካባቢ ሲሆን ያኔ ከአሥር የአሜሪካ ቤቶች ስምንቱ ቴሌቪዥን ነበራቸው። ገዳዩ ቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ፣ እሱ በየቤቱ በገባበት ሰዓት እነሱ ባላበቡ ነበር። የሥራውን ጠባይ ማየት ይሻላል። ለአንድ ስክሪን ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ የሚገኘው ግን ሲመሽ ብቻ፣ ያውም በአብዛኛው ቦታ በሞቃቱ ወራት ነው። ከቲኬቱ ብዙውን አከፋፋዩ ስለሚወስድ ባለቤቱ የሚኖረው በፈንዲሻና በለስላሳ ሽያጭ ነው። ከተማ ዳር በርካሽ የተገዛው ሜዳ ከተማው ሲደርስበት ዋጋው ከፊልም ገቢ ይበልጣል፤ በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ለገበያ ማዕከልና ለመኖሪያ ቤት ተሸጡ።

በ1980ዎቹ የመጣው የቪዲዮ ካሴትስ የሚል ይኖራል። ካሴቱ በርግጥ ጎድቷቸዋል፤ ነገር ግን ያው ካሴት የመጣባቸው ባለጣሪያ ሲኒማዎች በዚያው አሥር ዓመት ስክሪናቸውን አበዙ። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አዳራሽ ማስገባት ይቻላላ! ቤንጊስንስ ከተማው አልደረሰበትም ወይ? ደርሶበታል፤ የጎረቤት ሱቅ መብራት ስክሪኑን አደበዘዘብኝ ብሎ እስከ ፍርድ ቤት ሄዷል። ያቆየው፣ የሠራው የቮገል ቤተሰብ ልጅ እስከ ዛሬ ሥራውን አለመልቀቁ ነው፤ በሜዳው ላይ የሚወስነው ፊልሙን የሚያሳየው ሰው ነው።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። የዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የተገፉት ደንበኛ እንጀራ ስለጠላ አይደለም፤ ኪራዩ ስለናረ ነው። ስለዚህ የባህላችን መጥፋት ባሳሰበን ቁጥር ልጆቹን ከመውቀሳችን በፊት፣ የምንሰበሰብበት ቤት ውል በማን ስም እንደተጻፈ እንጠይቅ።