ከግሩንቫልደር እስከ አቀስታ፦ የሁለተኛ ቡድን ነገር

ከደሴ ወደ አቀስታ የሚወጣው መንገድ ሰውን መፈተን የሚጀምረው በማለዳ ነው። ገራዶን ካለፉ በኋላ ሽቅቡ ይመጣል፤ ጦሳ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጉጉፍቱ ሲደረስ የሚኒባሱ መስኮት አንድ ሳይቀር ይዘጋና ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ጊዜው ጥር 2013 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ወደ ወሎ ከመዝለቁ በፊት። የወረኢሉን መንገድ ትተን ወደ ጊምባ ስንታጠፍ ደጋው ተዘርግቶ ታየ፤ ገብሱ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ የቀረበት፣ በጎች የተበተኑበት፣ የሌሊቱ ውርጭ በጥላው በኩል ገና ያልለቀቀው አገር።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አቀስታ ውስጥ የስፖርት መምህር ነው። ጣሪያ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ያስጫነው ዕቃ እንዳይወድቅበት በየኩርባው ረዳቱን ይጠይቃል። ረዳቱም «አብሽር መምህር፣ ጠበቅ አርጌ ነው ያሰርኩት» ይለዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደሴ ላይ ለምኖ ያገኘው ያገለገለ ማልያና ጥቂት ታኬታ ነው። ለማን እንደሆነ ስጠይቀው «ለሁለተኛው ቡድን ልጆች ነው ጋሼ፤ አንደኞቹ ትንሽም ቢሆን አላቸው» አለኝ። ይህን ስሰማ ጆሮዬ ቀና አለ። አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሙኒክ ከተማ ውስጥ ስከታተል የከረምኩት ሁለተኛ ቡድን ነበርና፣ የመንገዱ ወሬያችን እሱ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ለሥራ ወደ ሙኒክ ሄጄ ያረፍኩት ጊዚንግ በሚባል ሰፈር ነው። የባየርን ሙኒክን ዋና ቡድን ልይ ቢሉ ትኬቱ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሰፈሩ ውስጥ ግን ግሩንቫልደር የሚሉት፣ 15 ሺሕ ሰው የሚይዝ አሮጌ ስታዲየም አለ። የባየርን ሁለተኛ ቡድን የሚጫወተው እዚያ ነው። ሜዳውን ከባየርን የከተማ ባላንጣ፣ ከ1860 ሙኒክ ጋር ይጋራሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ወንበሩ በአብዛኛው ባዶ ነው፤ ከመሥመሩ ዳር ቆመህ የአሰልጣኙን ጩኸት ቃል በቃል ትሰማለህ። እግር ኳስን በቴሌቪዥን ብቻ እያየሁ ላደግኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የጀርመን ደንብ ለእኛ እንግዳ ነው። ሁለተኛ ቡድን ከተጠባባቂዎች ጋር ብቻ አይጫወትም፤ ከሙሉ ክለቦች ጋር እኩል ተሰልፎ፣ ነጥብ ሰብስቦ፣ ይወጣል ይወርዳልም። ሆኖም ከሦስተኛው ሊግ በላይ በሩ ዝግ ነው። ከ23 ዓመት በላይ የሆኑ ተጫዋቾችም በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ከሦስት አይበልጡም። ከ2008 ወዲህ በጀርመን ዋንጫ እንዳይሳተፉ ተደርጓል፤ በ1993 ግን የሄርታ በርሊን ሁለተኛ ቡድን ትልልቆቹን እየጣለ እስከ ፍጻሜ ደርሶ በባየር ሌቨርኩሰን 1 ለ 0 ነው የተረታው።

ያየሁት ቡድን ከአራተኛው ሊግ የወጣው በጭንቅ ነው። በማለፊያው ጨዋታ በቮልፍስቡርግ ሁለተኛ ቡድን 3 ለ 1 ተሸንፎ፣ በመልሱ ግሩንቫልደር ላይ 4 ለ 1 አሸንፎ። በ2019–20 ደግሞ ሴባስቲያን ሄነስ የሚባል አዲስ አሰልጣኝ ያዘው። የመጀመሪያው ዙር የሚያሳዝን ነበር። ልጆቹ ኳስ ይዘው ሲያምሩ ይቆዩና በሁለት ስሕተት ጎል ይገባባቸዋል፤ የተጋጣሚያቸው ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ተከላካዮች በትከሻ ገፍተው ይጥሏቸዋል። ለብርዱ ወራት እረፍት የገቡት በሠንጠረዡ ታችኛው ግማሽ ሆነው፣ ወራጅ ቀጠናውን እየተመለከቱ ነው።

ከእረፍት በኋላ የመጡት ግን ሌሎች ልጆች መሰሉ። ትከሻውን ለመዱት። የሠላሳ ሦስት ዓመቱ ተከላካይ ኒኮላስ ፌልድሃን ከኋላ ሆኖ እንደ ታላቅ ወንድም እያዘዘ ያቆማቸዋል፤ ፊት ለፊት የጋናው አጥቂ ክዋሲ ኦኪየሬ ቭሪት ያገኘውን ያስቆጥራል። ቭሪት በዚያ ዓመት 24 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። መጋቢት ላይ ኮሮና ሁሉን ዘጋ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ውድድሩ በባዶ ስታዲየም ሲቀጥል እኛ ከቤት ሆነን ተከታተልን። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2020 ሁሉም አበቃ፤ ቡድኑ በ65 ነጥብ፣ ተከታዩን በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛ ቡድን የጀርመንን ሦስተኛ ሊግ ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ሆኖም አልወጣም፤ ያደጉት ከኋላው የጨረሱት ቩርትስቡርግና ብራውንሽቫይግ ናቸው።

መምህሩ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ «ታዲያ ጋሼ፣ አሸንፈው ካልወጡ ልፋቱ ለምን ነው?» አለኝ።

ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ያለው ልጆቹ ላይ ነው። ጆሹዋ ዚርክዜ በዚያው የውድድር ዘመን ታኅሣሥ ላይ ከሁለተኛው ቡድን ተጠርቶ፣ ፍራይቡርግ ላይ በባከነ ሰዓት ተቀይሮ ገብቶ በመጀመሪያ ንክኪው ጎል አስቆጠረ። ጀማል ሙሲያላ ሰኔ መግቢያ ላይ በሦስተኛው ሊግ ተሰልፎ፣ ወሩ ሳያልቅ በ17 ዓመቱ በቡንደስሊጋው ዋና ቡድን ውስጥ ነበር። ቶማስ ሙለርም በ2008–09 ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ በ2010 የዓለም ዋንጫ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ቡድኑ መውጣት ባይችል ልጆቹ ይወጣሉ። ሁለተኛ ቡድን ማለት ለእኔ ይኸው ነው፤ በሠፈር ሜዳና በትልቁ ሜዳ መካከል ያለች አንዲት የመሰላል እርከን።

መምህሩ ትንሽ አስቦ «እኛ ጋ እርከኗ ነው የጠፋችው» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ አቀስታ ብዙም አልተነጋገርን።

አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ነው፤ ከደሴ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከፍታው ወደ ሦስት ሺሕ ሜትር ይጠጋል። እዚያ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ጥላ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ትንቀጠቀጣለህ። የኳሱ ሜዳ ዳገቱ ሥር ነው። ቋሚዎቹ የባሕር ዛፍ ናቸው፤ አግዳሚው መሐል ላይ ጎበጥ ብሏል፤ መሥመሩ በአመድ ተሠምሯል። ከሜዳው ጥግ አንዱ ረግረግ ስለሆነ የማዕዘን ምት የሚመታው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ተገብቶ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ጀርመን በበረዶ ምክንያት እግር ኳሱን እንደሚያቆም ሁሉ እዚህም ዝናብ ሲገባ ጭቃው ያቆመዋል። የደጋው የውድድር ዘመን እንግዲህ ከአጨዳ እስከ በልግ ዝናብ ያለችው ጊዜ ናት።

መምህሩ ልጆቹን ለሁለት ከፍሏል። አንደኛው ቡድን ከሌሎች ወረዳዎች ጋር የሚጋጠመው ነው። ሁለተኛው ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ያሉት፣ አብዛኞቹ ትምህርት ሲለቀቅ በግ አስገብተው የሚመጡ ናቸው። የዚያን ቀን መጀመሪያ የተጫወቱት አንደኞቹ ነበሩ። ፊሽካው ሲነፋ ያየሁትን ነገር ግን ግሩንቫልደር ላይ አላየሁም። ተጫዋቾቹ ውኃ ሳይጠጡ ተቀመጡና የታኬታቸውን ማሰሪያ ፈቱ። የሁለተኛው ቡድን ልጆች ባዶ እግራቸውን ቆመው ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ ታኬታ ጌታ አለው፣ እያንዳንዱ ጌታ ደግሞ ተረካቢ አለው፤ ያለ አንድ ቃል ይቀባበላሉ። የሰፋቸው ልጆች ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ጫፉ ላይ ይወትፋሉ። አንዱ ቀጭን ልጅ ገና ትኩስ የሆነውን ጫማ አድርጎ ተረከዙን መሬት እየመታ ሲያጠብቅ፣ ሰጪው ትልቅ ልጅ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙሮ አሰረለትና «ግራ እግርህን ተጠቀም እሺ» ብሎ ጀርባውን መታ አደረገው። ልጁ ግራኝ ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ ከመሥመር ዳር ሲቀበል፣ ኳሷ እግሩ ላይ ስትሞት፣ ሳያያት ተከላካዩን ሲያልፍ፣ ከጎኔ የቆሙ ጥምጥም ያሠሩ አዛውንት «ወላሂ ይሄ ልጅ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

ጨዋታው ሲቀጥል የገረመኝ ሩጫቸው ነው። እኔ ቆሜ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እነርሱ እንደ ጀመሩት ይጨርሳሉ። በዚያ ከፍታ ሰው የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሲሦ ገደማ ያነሰ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከፍ ባሉ ቦታዎች ኢንተርናሽናል ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር፤ የቦሊቪያ ሰዎች ጮኸው በ2008 እገዳው ቀረ፤ በማግሥቱ ዓመት ቦሊቪያ ላ ፓዝ ላይ አርጀንቲናን ከነሜሲዋ 6 ለ 1 አሸነፈች። እኛም የከፍታን ነገር ከሩጫ እናውቀዋለን። የአርሲዋ በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያወጣችው አየሯ ብቻ ስለረዳት አይደለም፤ ልጆችን በየማለዳው የሚሰበስብ አሰልጣኝና ከዚያ ተቀብሎ የሚያሳድግ ክለብ ስለነበረ ነው። የለጋምቦ አየር ከበቆጂ አያንስም። ተቀባዩ ነው የጎደለው።

በበርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ጌድዮን ዘላለም ሕፃን ሳለ በሄርታ ታዳጊዎች ውስጥ ነው ኳስ የጀመረው፤ በ16 ዓመቱ ለአርሰናል ዋና ቡድን ተሰልፏል። ደም አንድ ነው። የተለየው ሲነሣ እግሩ ሥር የነበረው መሰላል ነው።

የእኛ መሰላል በወረቀት ላይ አለ፤ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያ የክልል ውድድር። የትልልቆቹ ክለቦች ተስፋ ቡድኖችም የራሳቸው ውድድር አላቸው። ነገር ግን ተስፋ ቡድኑ የሚጫወተው ከተስፋ ቡድን ጋር፣ ያውም በትልልቅ ከተሞች ነው። አንድ የአቀስታ ልጅ እንዲታይ መጀመሪያ ደሴ መድረስ፣ ደሴ ዘመድ ማግኘት፣ ከዚያ የሙከራ ቀኑን መስማት አለበት። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ስለሚካሄድ፣ ብዙዎቹ ክለቦች በገዛ ደጋፊያቸው ፊት መጫወታቸው እንኳ ቀርቷል። ወሎ ገንዘብና ፍቅር አጥቶ አይደለም። ወልድያ 25 ሺሕ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም. ተመርቆላታል፤ ቡድኗ ግን በማግሥቱ ዓመት ከፕሪሚየር ሊግ ወርዷል። ትልቅ ሜዳ ከሥሩ ልጅ ካልመጣለት ባዶውን ይቆማል፤ ይህን የምለው ያንን ስታዲየም ስለምወደው ነው።

በማግሥቱ ወደ መካነ ሰላም ወረድኩ፤ ከተማው ያለበት የቦረና ወረዳ ከለጋምቦ ሞቅ ይላል፣ ከተማውም ሰፋ ያለ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ እዚያ ስለሆነ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ፤ የከተማው ልጆች ከአጥር ውጭ ሆነው ያያሉ። አንዳንድ ቀን ሰው ሲጎድል ይጠሯቸዋል። ዩኒቨርሲቲው ሜዳና የስፖርት አስተማሪ ያለው ተቋም ስለሆነ፣ ለምዕራቡ ደጋ ልጆች ይህ አጥር በሳምንት አንድ ከሰዓት ቢከፈት ብዙ ነገር ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ጥር ወዲህ ወሎ ጦርነት አየ፤ መንገዱም እንደ ልብ አልሆነም። ባለፈው መምህሩን በስልክ አግኝቼው ነበር። ሜዳው አለ፤ ልጆቹ ይጫወታሉ፤ ግራኙ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቷል። ማንም አሰልጣኝ አላየውም።

ስለዚህ ልመናዬ ለደሴና ለኮምቦልቻ ክለቦች፣ ለደቡብ ወሎ የስፖርት ኃላፊዎችም ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ከአጨዳ በኋላ፣ ሁለተኛ ቡድናችሁን በሚኒባስ ጭናችሁ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም ላኩ። ከወረዳዎቹ ልጆች ጋር በነጥብ ይጋጠሙ፤ አንድ አሰልጣኝም ደብተር ይዞ ከመሥመሩ ዳር ይቁም። ስታዲየም አንጠይቅም፤ ሜዳውን ልጆቹ በአመድ ያሠምሩታል።