ጀበናዋ ትገባለች፣ ሠሪዋስ?

ወዳጆቼ፣ በተለይ የውርጌሳ ተማሪዎቼ፣

ቡናችን የሚፈላው ሸክላ ሠሪ በሠራችው ጀበና፣ መሬታችን የሚታረሰው ቀጥቃጭ በሳለው ማረሻ ነው። ጋብቻ ሲመጣ ግን «ዘሩ ምንድን ነው?» እንላለን። ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ፣ ዲግሪውን ጭኖ ሥራ የያዘ ልጅ፣ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቱ ቀጥቃጭ ስለሆኑ ብቻ የልጅቷ ቤተሰቦች ሽማግሌዎቹን ባዶ እጃቸውን መለሷቸው።

አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅም አርሶ ማደር ለፈለገ ሁሉ መሬት ፈቅዷል። «ቡዳ ነው» የሚለው ሹክሹክታ ግን አዋጅ አይሰማም።

ያ ልጅ ከእናንተው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ነው የተማረው። ዛሬ እህት የምትድሩት እናንተ ናችሁ። ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ ጸባዩን ጠይቁ።