ማዳበሪያ የሚጀምረው ከብረት ገጽ ላይ ነው

ስለ ማዳበሪያ ሲነሳ ወሬያችን ጨረታ፣ ወደብ፣ ዶላርና ዋጋ ነው። እኔም በጋዜጠኝነት ሥራዬ ስጽፍ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ፦ ዩሪያ የሚሠራበት አሞኒያ ራሱ የሚፈጠረው የት ነው?

ብረት ላይ ነው። ውስጡ ሳይሆን ገጹ ላይ። የአየር ናይትሮጅን ሁለት ሁለት አተም ሆኖ አጥብቆ የተያያዘ ነው፤ በዋዛ አይላቀቅም። የብረት ገጽ ላይ ሲያርፍ ግን ይለያያል፤ ከሃይድሮጅን ጋር ተገናኝቶም አሞኒያ ይሆናል። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኤርትል ይህ ሂደት ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚካሄድ ያሳየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘለትም የገጽ ላይ ኬሚስትሪ ጥናቱ ነው።

ብረት ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ የለውም። ፍራፍሬ ሻጭ የደረደረውን የብርቱካን ክምር አስቡት። ከላይ ስታዩትና ከጎን ስታዩት አደራደሩ ይለያል። የብረት ክሪስታልም በአንድ አቅጣጫ ሲቆረጥ አተሞቹ ተጠጋግተው ይታያሉ፤ በሌላ አቅጣጫ ሲቆረጥ ክፍት ክፍት ስለሚል የታችኛው ድርድር ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የበርክሊ ተመራማሪዎች ሲለኩት ክፍቱ ገጽ ከጠባቡ 400 እጥፍ ያህል አሞኒያ አመረተ። ያው ብረት ነው፤ ለውጡ የአቆራረጡ ነው።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ኤርትል የሠራበት የበርሊኑ ፍሪትዝ ሃበር ኢንስቲትዩት "ሰርፌስ ኤክስፕሎረር" የሚባል ነፃ መሣሪያ አለው። የክሪስታሉን ዓይነት መርጣችሁ ሦስት ቁጥር ስታስገቡ ገጹን ይስልላችኋል። የአሜሪካው "ማቴሪያልስ ፕሮጀክት" ደግሞ 70 ገደማ ለሚሆኑ ንጥረ ነገሮች የገጽ ኃይልን አስልቶ በነፃ አስቀምጧል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ገንዘብ ያለበት ሥራ ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ተማሪም፣ በርክሊ ያለ ፕሮፌሰርም የሚያዩት አንድ ነው።

እርግጥ ሥዕሉ የንጹሕ ክሪስታል ሥዕል ነው። የፋብሪካው ብረት ፖታሲየምም አሉሚናም የተቀላቀለበት ነው። ገጹን ማየት ማምረት አይደለም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ወረዳ የተከፋፈለውን የማዳበሪያ መጠን ለማወቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ "ደብዳቤ አምጣ" ተባልኩ፤ ደብዳቤውን ሳመጣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"። የብረትን አተም በሁለት ደቂቃ ስልኬ ላይ አየሁት። የመጋዘናችንን ኩንታል ግን ማየት አልቻልኩም።

ነሐሴ 2017 ለጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ተፈርሟል፤ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ነው የታሰበው። ፋብሪካ በብድርም በሽርክናም ይቆማል። ውስጡ ያለውን ብረት የሚያውቅ ባለሙያ ግን በፊርማ አይገኝም። መምህራን፣ ይህን መሣሪያ ክፍል ውስጥ ክፈቱት፤ ክፍያ የለውም። ኃላፊዎችም እንዲሁ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበን መረጃ ለሕዝብ ክፈቱ። ለዚህም ኖቤል አያስፈልግም።