ቁመታቸው እኩል፣ እግራቸው ለየቅል

ከደሴ ወደ ደቡብ ተጉዞ ወረኢሉ የደረሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በሰፊው ሜዳ ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ስለሆነች ማታ ማታ ያለ ጋቢ አያስቀምጥም። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ሠራዊት የከተተባት ስፍራ መሆኗን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ዛሬም ገበያተኛው በፈረስና በበቅሎ ይመጣል፤ ወጣቱ ግን ልቡ ብስክሌት ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት እዚያ የሰነበትኩት ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ነበር። አንዱ የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ሌላው ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣ። ሁለቱም 16 ዓመታቸው ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲነግሩኝ ፊታቸው ይበራል። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ለሁለቱም የእሽቅድምድም ብስክሌት ሊገዛ አስቦ ቁመታቸውን በስልክ ጠየቀ። ለካናቸው፤ ሁለቱም 1 ሜትር ከ74።

"እንግዲያው አንድ ዓይነት ቁጥር እገዛለሁ" አለ።

"ቆይ እስቲ ልጄ፣ ገንዘቡን አትክፈል" አልኩት። መደብ ላይ ሲቀመጡ የወረኢሉው ልጅ አጠር ብሎ ይታያል፤ ሲነሱ ይተካከላሉ። ርዝመቱ ከእግሩ ነው ማለት ነው። ብስክሌቱ የሚመጣው ደግሞ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ነው፤ አልሆነም ብሎ ለመመለስ ሱቁ ሩቅ ነው።

እግርን መለካት ቀላል ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ፤ እግሮቹን ትንሽ ከፈት ያድርግ። ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ቀጥ አድርጎ በእግሮቹ መካከል ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ያህል ወደ ላይ ይያዝ። የመጽሐፉን የላይኛውን ጠርዝ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጋችሁ እስከ ወለሉ ለኩ። የወረኢሉው 86 ሴንቲ ሜትር፣ የአዲስ አበባው 79 ሆነ።

ብስክሌተኞች ይህን ቁጥር በ0.883 ያባዙታል። ውጤቱ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል ነጥብ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት መነሻ ነው። ለአንዱ 76፣ ለሌላው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጣ።

"ታዲያ ለባለ ረጅም እግሩ ትልቁን ልግዛ?" አለ ልጄ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ብስክሌት ቁመቱ ብቻ ሳይሆን ከኮርቻ እስከ መሪ ያለው ርቀትም ይጨምራል። እግሩ ረጅም፣ ወገቡ አጭር የሆነ ልጅ መሪውን ለመያዝ ሲንጠራራ አንገቱና ጀርባው ይታመማል፤ መዳፉ ይደነዝዛል። የሚስማማው ከፊት ከፍ ያለ፣ ርዝመቱ ግን አጠር ያለ ነው። ወገበ ረጅሙ ደግሞ በተቃራኒው ከፊት ዝቅና ራቅ ያለውን ይፈልጋል። እግር ኮርቻውን ይወስናል፤ ወገብና ክንድ መሪውን።

ኮርቻን ከፍ ማድረግም ልክ አለው። ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ላይ የመጨረሻ ከፍታ ምልክት አለ፤ እሱ ከታየ አደጋ ነው።

በነርስነት ዘመኔ ጉልበቱን ይዞ የመጣ ብስክሌተኛ ሲገጥመኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ኮርቻው ነበር። ከጉልበቱ ፊት ለፊት ካመመው ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመመው ከፍ ብሏል። ጉልበቱ ካበጠ ግን ሐኪም ይየው።

ልጄ ሁለቱን ልኮች በወረቀት ይዞ ሄደና ሁለት የተለያዩ ብስክሌቶች ገዛ። ገበሬው ፈረሱ ላይ ሳይወጣ እርካቡን በእግሩ ልክ ያስተካክላል። እናንተም ለልጅ ብስክሌት ስትገዙ ቁመቱን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። አንድ መጽሐፍና አንድ ሜትር ይበቃችኋል።